የበሬ ኪኒን ለጫጩት አይቆረስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቀሃ ወንዝ አጠገብ የምኖር፣ ጠላ እየጠመቅሁ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። በግቢዬ ዘጠኝ ዶሮዎችና አራት ዝይዎች አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ አንዲት ልጅ እግር ሴት ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ደጃፍ ላይ አገኘሁ። በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ የኪኒን ስባሪ ይዛለች። «ለምንሽ ነው ልጄ?» ብላት፣ «ለጫጩቶቼ ነው እትዬ። ትል ገብቷቸው እየከሱብኝ ነው። የበሬ ነው፤ ሩቡን አድቅቀሽ በውሃ ስጫቸው ብለውኛል» አለችኝ። እዚያው መንገድ ላይ ክንዷን ይዤ የእኔን ልነግራት ጀመርሁ። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃት ስለነበር ግማሹን እንኳ ሳትሰማኝ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷ ያልጨረስሁትን ለእናንተ ልጽፈው ተነሣሁ፤ ካተማችሁት እሷም ታነበው ይሆናል፣ እንደ እሷ በየግቢው ሁለት ሦስት ወፍ የያዘውም ሁሉ።

ዝይዎቹን ያመጣልኝ የወንድሜ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ በካርቶን አድርጎ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይዞልኝ መጣ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዳክዬዎቹ» ነው የሚላቸው፤ ዳክዬ አይደሉም። ዝይ አንገቱ ረዥም ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ሣር ሲግጥ ነው የሚውለው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የምነግራችሁ መከራ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ሣር ነው። ሥጋቸውን አንበላም። የእግሩ ጣት በቆዳ የተያያዘ የውሃ ወፍ በእኛ ማዕድ አይቀርብም። «ታዲያ ምን ያደርጉልሻል?» የሚሉኝ አሉ። ሌሊት የእንግዳ ኮቴ ሲሰሙ ሰፈሩን በጩኸት ያነቁታል፤ ውሻ ከያዝሁበት ዘመን ይልቅ በእነሱ ነው ተኝቼ የማድር። ጫጩቶቻቸውንም ግቢያቸውን ማሳመር የሚወዱ የሎጅና የሆቴል ሰዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው ይገዙኛል። የአንድ ጥንድ ዋጋ ብቅልና ጌሾዬን ይችልልኛል።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንደኛዋ ስምንት እንቁላል ታቀፈች። ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ዝይ ግን አንድ ወር ገደማ ትቀመጣለች። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰባት ጫጩት አወጣች። ሰኔን እንዴት አምሮባቸው እንዳደጉ ብነግራችሁ! ጠዋት በር ስከፍት ሰባቱም ተሰልፈው ከኋላዬ ይመጡ ነበር።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲያያዝ አንደኛው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሌሎቹ ሲግጡ እሱ ቁጭ ይላል። ሲነሣ ይንገዳገዳል። አንሥቼ ደረቱን ብዳስሰው አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ወጥቷል፤ ላባው አብጦ ስለሚታይ ክሳቱን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ኩሱ ጠቁሯል። በሳምንቱ ሞተ። እሱን ቀብሬ ሳልጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ምልክት አሳየ፤ እሱም ሞተ።

ጎረቤቶቼ «ፈንግል ነው» አሉ። እኛ ሰፈር ወፍ ሲሞት ስሙ ፈንግል ብቻ ነው። እኔ ግን በዶሮዎቼ ፈንግልን አውቀዋለሁ፤ ሲገባ በጥቂት ቀን ቆጡን ባዶ አድርጎት ይወጣል እንጂ ሳምንታት ተቀምጦ ሥጋ አያመነምንም። ለፈንግል ክትባት አለው፣ ዶሮዎቼንም አስከትባለሁ። ይህ ሌላ ነገር መሆኑን ልቤ ነግሮኛል። ትል ነው አልሁ። እዚህ ድረስ ትክክል ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው ጥፋቱ።

የጥሬ ሥጋ አገር ልጅ ነኝ። እናቴ ኮሶ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ በባዶ ሆዷ ጠጥታ ስትሽር እያየሁ ነው ያደግሁት። ለሰው ከሠራ ለወፍስ ምን ይለዋል ብዬ የደረቀ የኮሶ አበባ ወቀጥሁ። በውሃ አሽቼ በማንኪያ ጋትኋቸው። ማታውን ሁሉም አስቀመጣቸው። ሊነጋጋ ሲል ሦስተኛው ሞቶ አገኘሁት። ኮሶ የሚያስወጣው ስሙን የሰጡትን የኮሶ ትል ነው፤ ያ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋው፣ በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ሆድ የሚገባው። የእኔን ዝይዎች የያዛቸው እንደ ክር የቀጠነ ሌላ ዘር ነው። ትል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የሆነ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ኮሶው ትሉን ሳይነካው ጫጩቱን ውሃ አሟጠጠው።

ቀጥዬ ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድሁ። ስሙን አልጠራም፤ ያቺን ልጅ ያገኘሁበትም አይደለም። ሻጩ ምን ዓይነት ወፍ ነው አላለኝም። ዕድሜያቸውን፣ ክብደታቸውንም አልጠየቀኝም። «ስንት ናቸው?» ብቻ አለኝ። አራት አልሁት። ትልቅ የከብት አልቤንዳዞል በእጁ ሰብሮ ሩቡን ሰጠኝ። «በሚጠጡት ውሃ በጥብጪው» አለኝ።

አሁን እንደ ጠላ ቤት ሒሳብ ላስላላችሁ። የአልቤንዳዞል ኪኒን ለከብት የሚሠራው 2,500 ሚሊ ግራም አለ፤ ለበግና ለፍየል 300 ሚሊ ግራም አለ። ሙሉ ሰው አንድ ጊዜ የሚውጠው 400 ሚሊ ግራም ነው። የከብቱ ሩብ 625 ይመጣል። ለአንድ ሙሉ ሰው ከሚሰጠው ይበልጣል ማለት ነው፤ የተሰጠው ደግሞ አንዳቸውም አንድ ኪሎ ላልሞሉ አራት ጫጩቶች። በዚያ ላይ እኩል የሚደርሳቸው እንዳይመስላችሁ። የተፈጨው ኪኒን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከገንዳው ሥር ይተኛል። ዝይ ደግሞ ውሃ ሲያይ ይንቦጫረቅበታል እንጂ ልክ ለክቶ አይጠጣም። ጤነኛው አንገቱን ነክሮ ከሥሩ ሲጋት አየሁት። የታመመው ገንዳው አጠገብም አልደረሰ። ክረምት ስለነበር በየጉድጓዱ የቆረ የዝናብ ውሃ ሞልቷል፤ የጠማው እዚያ ይጠጣል። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ሞቱብኝ። ከሰባቱ ሁለት ቀሩ።

የመጨረሻዋን ሟች በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንዱን በሕይወት ያለ በዘንቢል ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር የገባሁት፣ ለዝይ ጫጩት ሐኪም ቤት መጣሽ ብላ። አልሳቀችም። «እማማ፣ እንኳን ሬሳውን አመጡልኝ» አለችና ጓንት አድርጋ ከፈተቻት።

ዶሮ ገንጥላ የምታውቅ ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፦ ዶሮ እህሉን ከጠጠር ጋር የምትፈጭበት ወፍራሙ ጨጓራ ሲሰነጠቅ፣ ውስጡ ቢጫ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ በጣት ሲይዙት እንደ ቆዳ ልጥ ብሎ ይለቃል። ሐኪሟ የጫጩቷን ጨጓራ ሰንጥቃ አሳየችኝ። ሽፋኑ ቢጫ አልነበረም። ጠቁሯል፤ በስብሶ ቦታ ቦታው ላይ ተልጧል። በጉጠት ስታነሣው ከሥሩ ቀላ ያሉ፣ ከስፌት ክር የቀጠኑ ትሎች ተጋድመው አየሁ። ደም ነው የሚመጥጡት። ሣሩን የምትፈጭበት ወፍጮ ሲበላሽባት፣ ሆዷ በሣር ተሞልቶም እየተራበች ነው የሞተችው። ስሙን ጽፋ ሰጠችኝ፤ አሚዶስቶመም ይባላል። በዝይ ጫጩቶች ላይ የሚከፋ የጨጓራ ትል ነው። ያን ቀን ያለቀስሁትን አልረሳውም። ጎመን ከትፌ፣ ዳቦ አርሼ የማበላቸው ጫጩቶች ነበሩ።

«ከየት አመጡት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከእናታቸው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ዝይዎች ትሉን ተሸክመውት ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ሥጋቸውም ላባቸውም ደኅና ነው። በኩሳቸው ግን የትሉ እንቁላል በየቀኑ ይወርዳል። መሬቱ እርጥብና ሞቅ ያለ ከሆነ በቀናት ውስጥ እጭ ይሆናል። እጩ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይወጣል፣ ጫጩቱ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። ጨጓራው ሽፋን ሥር ገብቶ ያድግና በሦስት ሳምንት ገደማ እሱም በተራው እንቁላል ይጥላል። መሐል የሚያሻግረው ሌላ ፍጥረት አያስፈልገውም፤ ከኩስ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ አፍ ነው መንገዱ። ግንቦት መጨረሻ ተፈልፍለው ሐምሌ ላይ ያለቁልኝ ለዚህ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ሣር፣ በላዩ ላይ ክረምት።

ቤቴ ስመለስ ግቢዬን እንደ ባዕድ ግቢ ዞሬ አየሁት። ጠላ ጠማቂ ስለሆንሁ አተላ አይጠፋም፤ ለወፎቹ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ገንዳ አደርግላቸዋለሁ። ገንዳው ያለው ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር ነው። አተላው ሲሞላ ይፈሳል፣ ጠፈጠፉ ይጨምርበታል፣ ዝይዎቹ እዚያው እየቆሙ ይኮሱበታል። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም የመጠጫቸውን ውሃ ሦስትና አራት ቀን ሳልደፋው እቆይ ነበር። በዚያ ጥግ ላይ ሣሩ ከግቢው ሁሉ ይለመልማል፤ በበጋ እንኳ አይደርቅም። ለጫጩት ለስላሳ ሣር ይሻላል ብዬ ወደዚያ ጥግ በበትር እየነዳሁ የወሰድኋቸው እኔው ነኝ።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ያንኑ ስለሚያደርግ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ወፎቻችን ዓመት ከዓመት አንድ ቦታ ይውላሉ። መድኃኒቱን ብቻ ሰጥቶ ወደዚያው እርጥብ ጥግ መመለስ፣ ልብስ አጥቦ ጭቃ ላይ እንደማስጣት ነው።

ሐኪሟ የተረፉትን ሁለቱን፣ ትልልቆቹንና ዶሮዎቹንም ጭምር አከመችልኝ፤ ግን መጀመሪያ ሁሉም ተመዘኑ። ባለ መንጠቆ የእጅ ሚዛን ተውሼ፣ እያንዳንዳቸውን በከረጢት አንገታቸውን አውጥቼ ሰቀልኋቸው። ወንዱ 5 ኪሎ ሆነ፣ ሴቶቹ ከ4 ትንሽ አለፉ። ከጫጩቶቹ አንዱ 900 ግራም፣ አንዱ 700። እኔ በዓይኔ እኩል ናቸው ብዬ ነበር! የተሰጣቸው ፌንቤንዳዞል የሚባል ፈሳሽ ነው፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በመንቁራቸው ጎን፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ ሲውጡ እየጠበቅሁ ለተከታታይ ቀናት ሰጠኋቸው። በኃይል ከተገፋ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ያንቃቸዋል። ስንት ሚሊ ሊትር እንደሰጠሁ እዚህ አልጽፍም፤ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ የእኔ ልክ የእናንተን ወፍ ሊገድል ወይም ትሉን ሳይነካው ሊቀር ይችላል። ከልክ በታች መስጠት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ደካሞቹ ትሎች ሞተው ብርቱዎቹ ይቀራሉ፤ የሚወልዱት ብርቱዎቹ ናቸውና ቀስ በቀስ መድኃኒቱን የማይፈራ ዘር በግቢያችሁ ይነግሣል። ሁሉንም ወፍ በየወሩ «ለማንኛውም» እያሉ መድኃኒት የሚግቱ አሉ፤ እነሱም ወደዚያው ነው የሚሄዱት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የኩስ ምርመራ ነው። ምን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ አምስቱ ባልሞቱብኝ። ጠዋት ገና ከማደሪያቸው ሳይወጡ ትኩስ ኩስ ከአምስት ስድስት ቦታ በንጹሕ እንጨት ይነሣል። አፈርና ጭድ ሳይቀላቀልበት በላስቲክ ይታሰራል፣ ፀሐይ ሳያገኘው በዚያው ቀን ይወሰዳል። እዚያ ብዙ ጨው በተሟሟበት ውሃ ይበጠብጡታል። የትሉ እንቁላል ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያንን በመስታወት አንሥተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የየትኛው ትል ዘር እንደሆነ፣ ብዙ ይሁን ጥቂት፣ ይነግሯችኋል። መድኃኒት ከሰጣችሁ በኋላም ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ደግማችሁ ብታስመረምሩ መሥራት አለመሥራቱን ታውቃላችሁ። እኔ ሳስመረምር ዶሮዎቼ ሌላ ትል ተገኘባቸው፤ ረዥሙ ነጭ የአንጀት ወስፋት። ከዝይዎቹ ጋር አንድ ገንዳ እየበሉ የያዛቸው ሌላ! በግምት ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?

ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ደግሞ በዚያው ክረምት ጫጩቶቻቸው አንገታቸውን ዘርግተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያፍናቸው «ብርድ መታቸው» ብለው ጓዳ አስገብተው ያጨሱባቸው ነበር። የእሳቸው በአየር ቧንቧ የሚቀመጥ ቀይ ትል ነው የተገኘው፤ ጫጩቶች ከዝናብ በኋላ የሚለቅሙት የመሬት ትል እጩን በሆዱ ይዞ ያቀብላቸዋል። ጭሱ የባሰ አስጨነቃቸው። ወደ ክሊኒኩ አብሬያቸው ሄድሁ፤ አብዛኞቹ ተርፈውላቸዋል።

ግቢዬን እንዴት እንዳደረግሁት ልንገራችሁ። ገንዳውን ከጠፈጠፉ ሥር አንሥቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አወጣሁት፤ ቦታውንም ሳልቀያይር አልሰነብትም። አተላ በልክ ነው የምሰጥ፤ የተረፈው ማታ ይደፋል። ውሃቸውን በፈረቃችን ቀን ባይሆንም ከልብስ ማለቅለቂያው ቆጥቤ በየቀኑ እቀይራለሁ። ያንን የለመለመ ጥግ ቆፍሬ ውሃው በቦይ እንዲወጣ አደረግሁ። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ሣር ከመስከረም ጀምሮ ትልልቆቹ እንዳይረግጧት በቆርቆሮና በእሾህ አጠርኋት፤ ለጫጩት ብቻ ናት። እጩ ፀሐይና ድርቀት አይችልም፤ የጎንደር በጋ ያንን ሥራ በነፃ ይሠራልናል፣ እኛ ቦታውን ካሳረፍነው። የሚተኙበት ጭድ ሳይርስ ይቀየራል። ኩሱን ጠርጌ ጥግ ላይ ቆልዬ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ወራት ቆይቶ ሲበሰብስና ሲግል ለጌሾዬ ይሆናል፤ ትኩሱን ግን ሣሩ ላይ ፈጽሞ አልበትንም። በረኪና የሚደፉ ሰዎች አሉ። የትል እንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ አፈር ላይ የፈሰሰ በረኪና አይጎዳውም፣ ገንዘቡም ሣሩም ይጠፋል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሚሰጡም ብዙ ናቸው። ሽንኩርቱን ከሰጡ በኋላ ኩስ አስመርምረው ትሉ መቀነሱን ያሳዩኝ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠሙኝም።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ፣ ሐኪሟም ወዳዋለች። ለዶሮ የትል መድኃኒት ሲሰጥ፣ ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉ አይበላም፣ አይሸጥም። ብዙ ሰው ይህን የሚተላለፈው እንቁላሉ የዕለት ገቢው ስለሆነ ነው። እኔ በ2016 ያከምኋቸው ፍልሰታ ላይ ነበር። ቤተሰቡ ይጾማል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል፤ ጉዳቱ አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ምርመራውንም ሕክምናውንም ከጾም ጋር አስማምቼዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሁሉንም ኩስ አስመረምራለሁ፤ ትል ከተገኘ ትልልቆቹ ዝይዎች የሚታቀፉትን እንቁላል መጣል ሳይጀምሩ፣ ከዝናቡም በፊት ይታከማሉ። ጫጩት ሲወጣ እናትየዋ ንጹሕ ሆና ትጠብቀዋለች። ላባ በሚቀይሩበት ጊዜ ግን ፌንቤንዳዞል እንዳልሰጥ ተነግሮኛል፤ አዲሱን ላባ ያበላሸዋል።

በ2017 ዓ.ም. ስድስት ጫጩት ተፈለፈለ። አንዱን ድመት ወሰደብኝ። አምስቱ ግን ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን አልፈው ለመስከረም ደረሱ። ሐምሌ ላይ ኩሳቸውን ወስጄ ነበር፤ ጥቂት እንቁላል ብቻ ተገኘ፣ መድኃኒት እንኳ አላስፈለጋቸውም። አራቱን ሸጥሁ፤ አንዷን ለራሴ አስቀረሁ።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። መድኃኒት ለምትሸጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፦ «ስንት ናቸው?» ከማለታችሁ በፊት «ምንድን ናቸው? ስንት ይመዝናሉ?» በሉን። የከብት ኪኒን በእጅ ሰብራችሁ አትስጡን። ለጓሮ ወፍ የሚሆን ትንሽ እሽግ፣ ልኩ በአማርኛ የተጻፈበት ብታቀርቡልን ከእናንተ የማይገዛ የለም። ለግብርና ባለሙያዎች፦ እኛ የከተማ ሰዎችም አርቢዎች ነን። ገጠር ስትወርዱ የምታስተምሩትን በቀበሌያችን አንድ ቀን፣ ግንቦት ሳይገባ ብታስተምሩን ምን አለበት? ከተማችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎቹ በየሰፈሩ ወጥተው ኩስ ቢሰበስቡልን እነሱ ይማራሉ፣ እኛም እንድናለን። በሬ ሲታመም ሐኪም የሚጠራ ሰው ለጫጩት ሲሆን ያፍራል፤ ይህን እፍረት ማስወገድ የባለሙያው ሥራ ነው። እናንተ አዘጋጆች ደግሞ በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ስለ ወፍ ትል የሚያውቅ ሐኪም ጋብዛችሁ አንድ ዓምድ ብትሰጡት፣ እኔ ቆርጬ ጠላ ቤቴ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ስንቱ ሰው ብርሌ ይዞ ሲያነበው ይውላል።

ለቅዳሜዋ ልጅ ደግሞ፦ ልጄ፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅሁሽም። ይህ ከደረሰሽ ያንን ስባሪ አትስጫቸው፤ ከሰጠሻቸውም አትድገሚው። ጠዋት ከማደሪያቸው ሳይወጡ ትኩስ ኩሳቸውን በላስቲክ ቋጥሪና ወደ እኔ ነይ። ቀሃ ድልድይ ጋ ደርሰሽ ዝይ ያላት ጠላ ሻጭ ብትዪ ያሳዩሻል፤ ዳክዬ ቢሉሽም እኔው ነኝ። ክሊኒኩ አብረን እንሄዳለን። ሚዛኑ እኔ ዘንድ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቀመጥልኝ
ጎንደር፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.